መዝናኛ ፓርክ ውስጥ አምስት ሆድ እንዴት ይሞላል?

እስቲ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ። ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር ለ4 ቀን መዝናኛ ፓርክ መጥተናል። ገና በመጀመሪያው ቀን የምግብ በጀታችን ግማሹ አለቀ! ትንሹ ልጄ የራሴን ሳህን ካልያዝኩ ብሎ አለቀሰ። ሁለቴ ጎርሶ ወደ ጨዋታው ሮጠ። የቀረውን እኔው ጨረስኩት፣ ምን ላድርግ።

ውሃውን እንኳ ተወጥተነዋል፤ ባዶ ኮዳ ይዘን ገብተን ከቧንቧ እንሞላለን። የቸገረኝ ምሳ ነው። ሳንድዊች ይዘን እንዳንገባ ማረፊያችን ፍሪጅ የለውም፣ ፀሐዩም አይጣል ነው። ቀድሞ የሚከፈልበት የምግብ ጥቅል አለ፤ ግን የሚገዛው ለእያንዳንዱ ሰው ነው፣ ልጆቹ ደግሞ አይጨርሱም። ወጥቶ በልቶ መመለስስ? የበሩ ሰልፍ ቀኑን እንዳይበላብን ፈራሁ። ወይስ ቁርስ ጠግበን በልተን፣ ምሳ ሁለት ሳህን ለአምስት እንካፈል? እናንተ እንዴት ተወጣችሁት?