«እስከ መቃብር» ግነት አይደለም እንዴ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ 11ኛ ክፍል ናት። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ የግነት ዘይቤ አውጥታችሁ አምጡ ተባሉ። እሷ ርእሱን ራሱን ጽፋ ሰጠች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበት መጣ፤ ምክንያት የለውም። እኔም ግነት ይመስለኝ ነበር። እስኪ አስረዱን፤ ዓርብ አስተካክላ ታስረክባለች።

ደብረ ማርቆስ፦ አማርኛ አስተምራለሁ። ግነት ማለት ነገሩ ከሆነው በላይ ሲነገር ነው። «በሳቅ ሞትኩ» ያለ ሰው አልሞተም። ስለዚህ መጀመሪያ «የተባለው በታሪኩ ውስጥ ሆኗል ወይ?» ብላ ትጠይቅ። እዚህ ሆኗል። ከሁለቱ ፍቅረኞች በዛብህ ሽፍቶች አቁስለውት ይሞታል። ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌል ትመነኩሳለች፤ ስትሞትም እሱ ዘንድ ትቀበራለች። ታዲያ ምኑ ተጋነነ?

የሌሊት አንባቢ፦ እኔ ግን ግማሽ ማርክ አልነፍጋትም ነበር። መጽሐፉን ያልከፈተ ሰው ርእሱን ሲያይ እንደማንኛውም የፍቅር መሐላ ነው የሚመስለው። «እስክሞት እወድሻለሁ» የማይል ማን አለ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ ያንን የተለመደ ቃል ወስደው እውነት አደረጉት። እኔ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው የሰማሁት። መጨረሻው ላይ ርእሱ ትዝ ሲለኝ አንጀቴን በላው።

ጠያቂዋ፦ እሺ ገባኝ። ታዲያ የቱን ትጻፍ?

ደብረ ማርቆስ፦ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ስለ ጀግንነታቸውና ስለ ዘራቸው የሚናገሩበትን ትፈልግ። ኩራታቸው ሰማይ ይነካል። ገበሬዎቹ ተጨማሪ ግብር አንሰጥም ሲሉ ግን ሊወጓቸው ዘምተው ተማረኩ። ንግግሩን ከሆነው ነገር ጎን ስታስቀምጠው ግነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ዐረፍተ ነገር ከነገጹ ትጥቀስ፤ ከሥሩ ምን እንደተከተለ በሁለት መስመር ትጨምር። ብዙ ተማሪ ይህችን ሁለት መስመር ነው የሚዘላት፤ ማርኩ ያለው ግን እሷ ላይ ነው።

ጎጃሜዋ፦ አደራ፣ «ጉዱ ካሳ» የሚባለውን ገጸ ባሕርይ ስም ግነት ብላ እንዳትጽፍ። ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው። «ጉዱ» ያለው አገሬው ነው፣ እብድ መስሎት። አንባቢው ግን ከሁሉም አስተዋይ እሱ መሆኑን ያያል። ይሄ ወደ ምጸት ነው የሚያደላው፤ የተባለው ከእውነቱ ተቃራኒ ነዋ።

ጠያቂዋ፦ አሁኑኑ ደወልኩላት። መጽሐፉን ዘርግታ የፊታውራሪን ንግግር እየፈለገች ነው። ተባረኩ!