«ላቲን አሜሪካ» እስከ የት ድረስ ነው? ለአትላሱና ለመረጃ ቋቱ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

የረቂቁ አዘጋጅ

የተከበራችሁ አባላት፣ አትላሱም የመረጃ ቋቱም «ላቲን አሜሪካ» ይላሉ፤ የሚሉት ግን አንድ ነገር አይደለም። አትላሱ 20 አገሮችን ይዟል፦ 18ቱ ስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች፣ ብራዚልና ሃይቲ። የመረጃ ቋቱ የተባበሩት መንግሥታትን የስታቲስቲክስ አከፋፈል ስለሚከተል «ላቲን አሜሪካና ካሪቢያን» በሚለው ሥር 33 ነጻ አገሮችንና በርካታ ግዛቶችን ያስገባል። በመካከል ያሉት 13 አገሮች ናቸው ጭቅጭቁን ያመጡት። ከእነሱ 12ቱ የመንግሥት ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ነው፤ የሱሪናም ደግሞ ደች። አንድ ተጠቃሚ ድምሩን ከአንዱ፣ የሕዝቡን ቁጥር ከሌላው ወስዶ የነፍስ ወከፍ ቢያሰላ ውጤቱ ስሕተት ይሆናል፤ ስሕተቱንም የሚያሳየው ምልክት የለም።

ለመነሻ ይህን ዓረፍተ ነገር አቅርቤያለሁ፦ «ላቲን አሜሪካ ማለት በስፔን፣ በፖርቱጋል ወይም በፈረንሳይ ቅኝ ተገዝተው የነበሩ፣ ከላቲን የወጣ ቋንቋ የሚናገሩና አብዛኛው ሕዝባቸው ዝርያው ቅይጥ የሆነ የአሜሪካ አህጉር አገሮች ናቸው።» የምትችሉትን ያህል ፈትኑት። በውይይቱ የሚጠቀሱ ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

የቋንቋ ቡድን

ዓረፍተ ነገሩ የካናዳዋን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ክፍለ ግዛት ኩቤክን ያስገባል። ፈረንሳይኛ ከላቲን የወጣ ነው፣ ፈረንሳይም እስከ 1763 ድረስ ገዝታዋለች። ኩቤክን ማስገባት ካልፈለግን «ከአሜሪካና ከሜክሲኮ ድንበር በስተደቡብ» የሚል ሐረግ መጨመር አለበት። ያኔ ደግሞ ሥራውን የሠራው መልክዓ ምድር እንጂ ቋንቋ አይደለም ማለት ነው፤ ይህንን በግልጽ ብንጽፈው ይሻላል።

ከዚህ የሚከብደው «የሚናገሩ» የሚለው ቃል ነው። ማን የሚናገረው? በሕግ የተጻፈውን ነው ወይስ ቤት ውስጥ የሚነገረውን? ሴንት ሉሲያን በቅርብ እንያት። የመንግሥት ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነው፤ ብሪታንያ በመጨረሻ ያጸናቻት በ1814 ሲሆን ከዚያ በፊት ከፈረንሳይ ጋር ደጋግማ ተቀባብላታለች። ሕዝቡ ግን ዛሬም አብዛኛው ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ክሪዮል (በቅኝ ግዛት ዘመን ከቋንቋዎች መደባለቅ የተወለደ ቋንቋ) ይናገራል። ዶሚኒካም እንዲሁ። በሌላ በኩል ሃይቲን «ላቲን» የምንላት በፈረንሳይኛዋ ነው፤ የሕዝቡ የዕለት ቋንቋ ግን ክሪዮል ነው፣ እሱም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከፈረንሳይኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። ክሪዮል የሚቆጠር ከሆነ ሴንት ሉሲያና ዶሚኒካ ይገባሉ። የማይቆጠር ከሆነ ሃይቲን ይዞ የሚያቆያት የጥቂቶች ፈረንሳይኛ ብቻ ነው።

በኔዘርላንድስ ሥር ባሉት በአሩባና በኩራሳው ደግሞ ሕዝቡ ፓፒያሜንቶ ይናገራል፤ መሠረቱ ፖርቱጋልኛና ስፓኒሽ ነው። ገዥው ደች፣ የቤቱ ቋንቋ ኢቤሪያዊ (የስፔንና የፖርቱጋል ወገን)። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ አንድ የቋንቋ ዓምድ አይበቃም፤ «በሕግ» እና «በቤት» ተብሎ ለሁለት ይከፈል።

ነባሮቹን ቋንቋዎችም አንርሳ። በፓራጓይ ጉዋራኒ ከ1992 ጀምሮ ከስፓኒሽ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ነው። የቦሊቪያ የ2009 ሕገ መንግሥት ከስፓኒሽ ጋር 36 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ይዘረዝራል። ዓምዱ ውስጥ «ስፓኒሽ» ብቻ ተጽፎ ከወጣ ቦሊቪያን በተሳሳተ መልክ አቀረብናት ማለት ነው።

የታሪክ ቡድን

በቅኝ ግዛቱ በኩል መጀመሪያ አንድ እርማት። በረቂቁ መግቢያ ላይ «ስሙን የፈጠረው የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ለሜክሲኮ ወረራው ነው» የሚለው ይውጣ። ወረራው በ1861 መጨረሻ የጀመረ ነው። «ላቲን አሜሪካ» የሚለውን ግን ቺሊያዊው ፍራንሲስኮ ቢልባኦ በ1856 ፓሪስ ላይ ተናግሮታል፤ ኮሎምቢያዊው ሆሴ ማሪያ ቶሬስ ካይሴዶም በዚያው ዘመን ተጠቅሞበታል። ሁለቱንም ያስጨነቃቸው የዩናይትድ ስቴትስ ወደ ደቡብ መስፋፋት ነበር። ፈረንሳይ ስሙ እንዲስፋፋ ረድታለች፤ መነሻው ግን የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው ቃሉ ከውጭ የተለጠፈ ነው የሚለው ክርክር ብቻውን የማይቆመው።

አሁን ወደ መስፈርቱ። «ቅኝ ገዥ» ስንል የትኛውን ነው? ሦስት ሕግ ሞክረናል፣ ሦስቱም ይሰበራሉ።

«አንዴ እንኳ በስፔን የተገዛ» ብንል ጃማይካ ትገባለች፤ እስከ 1655 የስፔን ነበረችና። ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ካሊፎርኒያም ይከተላሉ።

«የመጨረሻው ገዥ» ብንል ፖርቶ ሪኮ ትወጣለች፤ ከ1898 ወዲህ በአሜሪካ ሥር ናት። ኡራጓይ ደግሞ በ1825 ከብራዚል፣ ፓናማም በ1903 ከኮሎምቢያ ተለይተዋል። ሠንጠረዡ ላይ «ቅኝ ገዥ፦ ኮሎምቢያ» ብለን ልንጽፍ ነው?

«ረጅሙን ዘመን የገዛ» የሚለው ከሁሉም የተሻለ ይመስል ነበር። ትሪኒዳድ አፈረሰችው። የስፔን ሰፈራ ጸንቶ የቆመው በ1592 ነው፣ ብሪታንያ የያዘቻት በ1797፤ ይህ 205 ዓመት ነው። ከ1797 እስከ ነጻነት 1962 ግን 165 ብቻ። በዚህ ስሌት ትሪኒዳድ የስፔን፣ ጋያናም የደች ትሆናለች።

የረቂቁ አዘጋጅ

«የዛሬው የመንግሥት ቋንቋ ከማን የመጣ ነው» ብንልስ? ትሪኒዳድ ወደ ብሪታንያ፣ ፖርቶ ሪኮ ወደ ስፔን ይመለሳሉ።

የታሪክ ቡድን

ይመለሳሉ፤ ግን ያ የቋንቋውን ዓምድ በሌላ ስም መድገም ነው። ሁለት መስፈርት አለን እያልን አንዱን ሁለት ጊዜ እንቆጥራለን፤ አንባቢውም «ቋንቋውና ታሪኩ ተስማሙ» ብሎ ያምነናል። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። «ረጅሙ ገዥ» እና «የመጨረሻው ገዥ» ከነዓመታቸው በሁለት ዓምድ ይጻፉ፣ አባልነትን ግን አይወስኑ።

የሕዝብ ቆጠራ ቡድን

የብሔረሰቡ ሐረግ ይሰረዝ። ከዳር ሳይሆን ከመሐል ነው የሚፈርሰው፦ አርጀንቲናና ኡራጓይ አብዛኛው ሕዝባቸው የአውሮፓ ዝርያ ነው፣ የሃይቲ አፍሪካዊ ነው። «ቅይጥ» የሚለው ሦስቱንም ያወጣቸዋል።

ቁጥሩም በጥያቄው አጻጻፍ ይወሰናል። የሜክሲኮ የ2020 ቆጠራ ዕድሜያቸው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ሁለት ነገር ጠየቀ። ራሳቸውን እንደ ነባር ሕዝብ የቆጠሩት ወደ 23.2 ሚሊዮን ናቸው፤ የነባር ሕዝብ ቋንቋ የሚናገሩት ወደ 7.4 ሚሊዮን። አንድ ቆጠራ፣ አንድ አገር፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት።

ሌላም አለ፤ የአሜሪካ ቆጠራ «ሂስፓኒክ» የሚለው ከስፓኒሽ ባህል ጋር ስለሚያያዝ ብራዚላውያንን አያካትትም፤ «ሂስፓኒክ ነኝ» ያለ ብራዚላዊ በአርትዖት ወደ ሌላ ምድብ ይዛወራል። በ2020ው ዓመታዊ የናሙና ጥናት ያ አርትዖት በስሕተት ሳይሠራ ቀረና ሂስፓኒክ ተብለው የተመዘገቡት ብራዚላውያን በ2019 ከነበሩበት ወደ 14,000 ገደማ ተነሥተው ቢያንስ 416,000 ሆኑ። ሰዎቹ አልተለወጡም። ስለዚህ የብሔረሰብ ቁጥር ይግባ፣ ነገር ግን የጥያቄው ቃልና የቆጠራው ዓመት አብሮት በአንድ ረድፍ ካልተቀመጠ አይታተም።

የካርታና የኮድ ቡድን

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመጣናል፦ ወሰኑን በመስፈርት ሳይሆን በስም ዝርዝር እንወስን፤ መስፈርቶቹ ደግሞ ለእያንዳንዱ አገር በየዓምዳቸው ይታዩ። ሥራው ላይ የሚያደናቅፉትን እናንሣ።

አገሮችን በስም ሳይሆን በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ የሦስት አኃዝ ኮድ አዛምዱ። ዶሚኒካ 212፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ 214 ነች፤ በስም ሲፈለግ አንዷ የሌላዋን ቁጥር ትወስዳለች። ጋያና 328፣ የፈረንሳይ ጊያና 254። ኤክሴል ፊት ያለውን ዜሮ ይበላል፦ አርጀንቲና 032፣ ቦሊቪያ 068፣ ብራዚል 076፣ ቤሊዝ 084። ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት ዓምዱ «ጽሑፍ» ተብሎ ካልተሰየመ ብራዚል 76 ሆና ሳትዛመድ ትቀራለች፤ ድምሩም ትልቋን አገር ያጣል። 530 የሚል የቆየ ኮድ ካገኛችሁ በ2010 የፈረሰው የኔዘርላንድስ አንቲልስ ነው፤ ኩራሳው አሁን 531 ናት።

ሜክሲኮ በተባበሩት መንግሥታት አከፋፈል «መካከለኛው አሜሪካ» ውስጥ ናት። የአትላሱ ካርታ «ሰሜን አሜሪካ» ውስጥ ስለሚያሳያት ሁለት ጊዜ እንዳትደመር።

ግዛቶቹ ላይ ግን እጅግ እንጠንቀቅ። የፈረንሳይ ጊያና፣ ማርቲኒክና ጓዴሉፕ በ1946 የፈረንሳይ ዲፓርትመንት (የአስተዳደር ክፍል) ሆነዋል፣ ዛሬም የፈረንሳይ አካል ናቸው፤ የፈረንሳይ ጠቅላላ የሕዝብ ቁጥርም ይዟቸዋል። እዚህም ከገቡ በዓለም ድምር ላይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ። ፖርቶ ሪኮ ተቃራኒው ናት፦ የአሜሪካ የ50 ክፍላተ ግዛት ድምር አይዛትም፣ የነጻ አገሮች ዝርዝርም አይዛትም፤ ካልተጠነቀቅን የትም አትታይም።

የቋንቋ ቡድን

ፖርቶ ሪኮ በጠባቡ (20ዎቹን አገሮች በያዘው) ዝርዝር ትግባ እንላለን። ስፓኒሿ ሕያው ነው፣ ታሪኳም ከኩባ ጋር እስከ 1898 አንድ ነው። ነጻ አገር አይደለችም ብሎ ማስወጣት የፖለቲካ መስፈርት በጓሮ በር ማስገባት ነው።

የታሪክ ቡድን

በዚያው ምክንያት የፈረንሳይ ጊያናም መግባት አለባት፤ ሃይቲን በፈረንሳይኛዋ ካስገባን እሷን የምናስወጣበት ቃል የለንም። ማርቲኒክና ጓዴሉፕም ይከተላሉ።

የረቂቁ አዘጋጅ

ተቀብያለሁ። ለድምፅ የሚቀርበው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«1. ‹ላቲን አሜሪካ› ሲባል በአባሪው በስምና በኮድ የተዘረዘሩት 20 አገሮች ናቸው። ፖርቶ ሪኮ፣ የፈረንሳይ ጊያና፣ ማርቲኒክና ጓዴሉፕ ‹ተያያዥ ግዛት› ተብለው በተለየ ረድፍ ይመዘገባሉ፤ ድምር ሲወጣ ‹ከግዛቶች ጋር› ወይም ‹ያለ ግዛቶች› ተብሎ ይጻፋል።

2. ‹ላቲን አሜሪካና ካሪቢያን› ሲባል 33ቱ አገሮች ናቸው። ሁለቱ ስሞች አንዱ በሌላው ምትክ አይገቡም፤ ‹ላቲን› ብሎ ማሳጠርም አይፈቀድም።

3. ለእያንዳንዱ አገርና ግዛት አምስት ዓምድ ይሞላል፦ ቋንቋ በሕግ፣ ቋንቋ በቤት፣ ረጅሙ ገዥ ከነዓመቱ፣ የመጨረሻው ገዥ ከነዓመቱ፣ የብሔረሰብ አሐዝ ከነጥያቄው ቃልና ከቆጠራው ዓመት ጋር። ከአምስቱ አንዱም ብቻውን አባልነትን አይወስንም።»

የቋንቋ ቡድን በሃይቲ፣ በሴንት ሉሲያ፣ በኩራሳውና በፓራጓይ ይጀምር፤ ዓምዶቹ እነዚህን አራቱን ከቻሉ ሌላው ይቀላል። የታሪክ ቡድን ትሪኒዳድን፣ ጋያናንና ዶሚኒካን ሪፐብሊክን ይያዝ። የኮድ ቡድን አባሪውን ዜሮዎቹን ሳይጥል ያስቀምጥ። የሰባቱ ረድፍ ከተሞላ በኋላ ጽሑፉ ለድምፅ ይቀርባል፤ ከዚያ በፊት አትላሱ ላይ ምንም ቀለም እንዳይለወጥ።