ሕፃን ልጅ በራሱ እንዲጫወት የሚረዱ መጫወቻዎችን ስለ መምረጥ

የሕፃን እናት (አዲስ አበባ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ አለኝ። የምንኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ልጄ እንደ ልቡ ወደ ግቢ ወጥቶ መጫወት አይችልም። በልደቱ የተሰጡትና ከውጭ አገር ዘመዶች የላኩለት መጫወቻዎች ሁለት ትልልቅ ካርቶኖች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹም በባትሪ የሚሠሩ፣ ሲነኳቸው የሚዘፍኑ፣ መብራት የሚያበሩ ወይም በራሳቸው የሚሄዱ ናቸው። አዲስ ነገር ሲያገኝ በጣም ይደሰታል፤ ይሁን እንጂ ጥቂት ከነካካው በኋላ ይተወውና «እማ ነይ» እያለ ይጠራኛል፤ እኔ ወይም ሞግዚቷ አጠገቡ ካልተቀመጥን አንዱንም አያነሳም። እናቴ ሁሉንም ሰብስቤ ላስቀምጥና ድስትና ጭልፋ ሰጥቼው እቃቃ እንዲጫወት ልተወው ትላለች።

ልጁ በራሱ እንዲጫወት የሚያደርጉት ምን ዓይነት መጫወቻዎች ናቸው? ስንት ያህልስ ይበቁታል? ከሥራ ደክሜ ስገባ ስልክ መስጠት እየቀለለኝ መምጣቱ ስላሳሰበኝ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

የአፀደ ሕፃናት መምህርት፦

እህቴ፣ የእናትዎ ምክር ትክክለኛ ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳዎት። የሚዘፍነው መጫወቻ ጨዋታውን ራሱ ይጫወተዋል፤ ለልጁ የሚቀረው ሥራ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ሲጫን ምን እንደሚሆን ካወቀ በኋላ አዲስ ነገር ስለማያገኝበት የተለየ ምላሽ የሚሰጠውን ሰው ይፈልጋል። እርስዎን ደጋግሞ የሚጠራዎትም ሰነፍ ወይም ሞልቃቃ ስለሆነ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ምላሽዎ የሚለዋወጠው እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው። በአንጻሩ አንድ ቁራጭ እንጨት ልጁ አንድ ነገር እስኪያደርገው ድረስ ምንም አያደርግም፤ ዛሬ መኪና፣ ነገ አልጋ፣ ከነገ ወዲያ ዳቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚወስነውም ልጁ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ የእንጨት ብሎክ እመርጣለሁ። አሜሪካዊቷ አስተማሪ ካሮላይን ፕራት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለኒው ዮርክ ሕፃናት ያዘጋጀችውና እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች አፀደ ሕፃናት የሚገኘው ብሎክ ቀለም የሌለው ተራ እንጨት ነው። ብልሃቱ ያለው በመጠኑ ላይ ነው፦ የመሠረታዊው ብሎክ ስፋት የውፍረቱ እጥፍ፣ ርዝመቱ ደግሞ የስፋቱ እጥፍ ሲሆን፣ በሴንቲሜትር 3.5 በ7 በ14 ገደማ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥሙ እጥፍ ርዝመት ካለው ብሎክ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ ልጁም ማንም ሳያስተምረው በእጁ ይህን ይደርስበታል። ይህን መጠን ሰጥተው በሰፈርዎ ያለ አናጢ ከሚተርፈው ደረቅ ጣውላ ሠላሳ አርባ ያህል እንዲቆርጥልዎት ማድረግ ይችላሉ። ዋንዛ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ጠርዙንና ማዕዘኑን በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ያለስልስልዎት፤ ቫርኒሽ አያስፈልገውም። ቺፑድና አሮጌ ቀለም የተቀባ እንጨት ግን አይቀበሉ፤ የመጀመሪያው ሙጫ ይበዛበታል፣ የሁለተኛው ቀለም ደግሞ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል።

ስለ ብዛቱ ለጠየቁት፣ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ጥሩ መልስ አለው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ወር የሆኑ 36 ሕፃናትን አንድ ጊዜ በ4፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻዎች መካከል እንዲጫወቱ አድርገው ተመለከቱ። መጫወቻው አራት ብቻ ሲሆን ልጆቹ በእያንዳንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፤ በብዙ ዓይነት መንገድም ተጫወቱበት። የእርስዎ ልጅ በዚያው ዕድሜ ላይ ስለሆነ ሁለቱን ካርቶኖች ከዓይኑ ያርቁ፤ አራት ወይም አምስት ነገር ብቻ በቁመቱ ልክ በሆነ መደርደሪያ ላይ ለያይተው ያስቀምጡለት፤ ሲሰለቸው ደግሞ ከካርቶኑ ጋር ይለዋውጡለት።

የሁለት ልጆች አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

መምህርት የጻፉትን በአብዛኛው እስማማበታለሁ፤ ሆኖም መልሳቸው አንድ ብቻ የሆኑ መጫወቻዎች ሁሉ ለብቻ ጨዋታ አይጠቅሙም የሚል ስሜት እንዳይፈጠር ጥቂት ልጨምር። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ሳን ሎሬንዞ ሰፈር በከፈተችው የሕፃናት ቤት ከተጠቀመችባቸው መሣሪያዎች አንዱ በእንጨት ላይ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ የሚገቡ መጠናቸው የተለያየ ሲሊንደሮች ናቸው። ልጁ አንዱን ያለ ቦታው ከከተተው መጨረሻ ላይ የማይገባ ይተርፈዋል፤ ስለዚህ «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው ሳያስፈልገው ራሱ መልሶ ይሞክራል። ቅርጽ የሚያስገቡባቸው ሣጥኖች፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ኩባያዎች፣ ሦስት ወይም አራት ቁራጭ ያላቸው ትልልቅ የሥዕል ገጣጥሞች ሁሉ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የሚዘፍነው መጫወቻ መልሱን ራሱ ይሰጣል፤ እነዚህ ግን ልጁ መልሱን ፈልጎ እስኪያገኝ ይጠብቃሉ።

ሌላው ጉዳይ የእኛ የወላጆች ቦታ ነው። በቡዳፔስት ሎጺ በተባለው ጎዳና የነበረውን የሕፃናት ማሳደጊያ የመሠረተችው የሕፃናት ሐኪም ኤሚ ፒክለር ለሕፃናት ቀላል ዕቃዎችን በአጠገባቸው ማስቀመጥን እንጂ እንዴት እንደሚጫወቱበት ማሳየትን አትደግፍም ነበር። እኛ አበሾች ልጅ ስንወድ ዝም ብለን አንመለከትም፤ «እንዲህ አድርገው፣ ይኸው፣ ጎበዝ» እያልን ጨዋታውን ከእጁ እንወስዳለን። በራሱ እንዲጫወት ከፈለጉ በክፍሉ ውስጥ ይሁኑ፤ ልብስ ይጠፉ ወይም ጎመን ይክተፉ፤ ሲያይዎት ፈገግ ይበሉለት፤ ጥያቄ ግን አያብዙበት። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢቆይ ለዕድሜው የሚበቃ ነው።

ስለ እቃቃውም እናትዎ ያሉትን አጥብቄ እደግፋለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ማስመሰል የሚያዘወትርበት ዕድሜ ነው፤ የሚያስመስለው ደግሞ በቤቱ የሚያየውን ነው። የማይሰበሩ ሲኒዎች፣ ትንሽ ረከቦት፣ ሰፌድ፣ የእንጨት ማማሰያና አሮጌ ነጠላ ከሰጡት ቡና ያፈላል፤ ለእንግዳ ይቀዳል፤ ነጠላውን ለብሶም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በውጭ የምንኖር ዘመዶችም ብንጠየቅ ከሚጮኸው መኪና ይልቅ እንዲህ ያለውን በደስታ እንልካለን፤ ስለዚህ የሚፈልጉትን አስቀድመው ቢነግሩን እንደ ውለታ እንጂ እንደ ድፍረት አንቆጥረውም።

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ በራሱ ሲጫወት የአዋቂ ዓይን በየሰከንዱ አይከተለውምና ለዚያ ጊዜ የሚመረጠው መጫወቻ አብረነው ስንጫወት ከምንጠቀምበት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በአሜሪካ ሕግ የሚሠራበት መለኪያ ስፋቱ 3.17 ሴንቲሜትር የሆነ ትንሽ ሲሊንደር ነው፤ በውስጡ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ዕቃ ሊያንቅ ይችላል ተብሎ ይከለከላል። በቤት ውስጥ የሽንት ቤት ወረቀት ከተጠቀለለበት ካርቶን የሚያልፈውን ሁሉ ቢያስወግዱ ከዚህም የጠነከረ ጥንቃቄ ይሆንልዎታል። በእቃቃ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ለልጅ የሚሰጡት ባቄላ፣ ሽምብራና አተር በጉሮሮም በአፍንጫም ይገባሉ፤ ውሃ ሲያገኙም ያብጣሉ፤ ስለዚህ ሰው በሌለበት አይሰጡ። የተነፋም ሆነ የፈነዳ ፊኛም እንደዚሁ ነው።

ከሁሉ የማሳስብዎት ግን በሚዘፍኑት መጫወቻዎች፣ በልደት ካርዶችና በሪሞቶች ውስጥ የሚገኘውን የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ነው። ልጅ ውጦት በጉሮሮ ቧንቧው ላይ ከተሰነቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ እንዲያስታውክ ሳይሞክሩ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ኃይለኛ ትንንሽ ማግኔቶችም ሁለት ሆነው ሲዋጡ የአንጀትን ግድግዳ በመካከላቸው ይዘው ይበሱታልና ከቤት ይውጡ።

አራተኛ ፎቅ እንደምትኖሩም ጽፈዋል። መደርደሪያው በብሎን ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ ሊወጣበት የሚችል ወንበር፣ ሣጥንም ሆነ የብሎክ መያዣ በረንዳው ወይም መስኮቱ አጠገብ አይቀመጥ። ስልኩን በሚመለከት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሁለት ዓመት ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል።

የሕፃን እናት (አዲስ አበባ)፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ለሞግዚቷም አነብላታለሁ፤ ብዙውን ሰዓት ከእርሱ ጋር የምትውለው እርሷ ነችና። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ በባትሪ ከሚሠሩት ውስጥ በጣም የሚወደው ትልቅ መኪና አለ፤ እርሱንም ልደብቅበት?

የአፀደ ሕፃናት መምህርት፦

የሚወደውን አይንፈጉት፤ ባትሪውን ብቻ ያውጡለት። መኪናው በራሱ መሄዱን ሲያቆም ልጁ ይገፋዋል፤ ድምፁን በአፉ ያወጣለታል፤ ብሎኮቹንም ይጭንበታል። ሞግዚቷም ብትሆን «ተበላሽቷል» ከምትለው «አንተ ንዳው» ብትለው ይበቃል። ባትሪውን ካወጡ በኋላ የክዳኑን ብሎን መልሰው ያጥብቁ፤ ባትሪውንም ነርሷ እንዳሉት ልጁ በማይደርስበት ቦታ ያኑሩት።