እህቴ አይሲዩ ናት፣ መድኃኒቱን አቁሙ ልበላቸው? ቶሎ መልሱልኝ

ታናሽዬው፦ አይሲዩ ገብታለች፣ ማግኒዚየም የሚባል ነገር በማሽን በደም ስሯ እየገባ ነው፣ ሰውነቷ እሳት ሆኗል ፊቷ ቀልቷል፣ ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አርጋ መልሳ ትተኛለች። ደግሞ ነርሷ በየሰዓቱ እየመጣች ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ ትመታታለች፣ የታመመ ሰው ይመታል እንዴ?? በዝቶባት ነው መሰለኝ። አቁሙ ብላቸው ይሰሙኛል? ቶሎ በሉ እባካችሁ

ዝም አይነቅዝም፦ ምኗን ነው ያመማት ግን? እሱን ሳትነግረን ምን እንበልህ

ታናሽዬው፦ ወልዳ ነዋ። ማታ በሰላም ተገላገለች፣ ሌሊት አንቀጠቀጣት፣ ምላሷን ነከሰች። ግፊት ነው ይላሉ፣ እሷ ግፊት ኖሯት አያውቅም

ጋሼ፦ ይሄ ሁሉ የሚመጣው ክትትል ላይ ስለምንዘናጋ ነው። ነፍሰ ጡር በሄደች ቁጥር ግፊቷ ይለካ፣ ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ይታይ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይ ዓይኗ ብዥ ካለባት ወይ ከቀኝ ጎድኗ በታች ካመማት ነገ ዛሬ ሳትል ትሂድ ስንት ጊዜ ተብሏል፣ ግን ማን ይሰማል

ታናሽዬው፦ እሺ ጋሼ ልክ ነዎት፣ አሁንስ ምን ላድርግ?

ማሂ፦ በግራ ጎኗ አስተኟት

ብሩክ ነኝ፦ ከወለደች በኋላ ምን ግፊት አለ? ሕክምናው መውለድ ነው ሲባል ነው የምሰማው። ሌላ ነገር ደብቀውህ ነው

የማታ ተረኛ፦ ብሩክ አታስደንግጠው። በእርግዝና የሚነሳ ግፊት ከወሊድ በኋላም ያንቀጠቅጣል፣ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ቢሆንም እስከ 6 ሳምንት ሊመጣ ይችላል፣ በፊት ግፊት ያልነበራትም ትያዛለች።
ወንድሜ፣ ማግኒዚየሙን አቁሙ እንዳትል! ድጋሚ እንዳያንቀጥቅጣት የያዘላት እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ከወሊድ ወይ ከመጨረሻው መንቀጥቀጥ፣ ከሁለቱ ከዘገየው ተነስቶ 24 ሰዓት ይሰጣል። ሙቀቱና መቅላቱ የሱ ጠባይ ነው፣ ትኩሳት መሆን አለመሆኑን ግን በቴርሞሜትር ይዩልህ። እንቅልፉ ከመንቀጥቀጡም ሊሆን ይችላል፣ ከበፊቱ ከባሰባት ግን ወዲያው ጥራቸው። መዶሻው ደግሞ አንተ የፈራኸውን ነገር መጠበቂያ ነው። መድኃኒቱ ሲበዛ ትንፋሽ ከመድከሙ በፊት የጉልበቷ መዝለል ይጠፋል። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሽንቷም ይለካል። እና ሦስት ነገር ጠይቅ፣ ጉልበቷ ይዘላል ወይ፣ በደቂቃ ስንቴ ትተነፍሳለች፣ ሽንቷ በሰዓት ስንት ነው። ትንፋሿ ከ12 ወይ ሽንቷ ከ30 ሚሊ በታች ከሆነ ለሐኪሙ በል። ማርከሻም አለው፣ ካልሲየም ግሉኮኔት

ኩኩ፦ ጉልበቷ ሲዘል ጎል ገባ ብለህ አጨብጭብ 😂 እግዜር ይማርልህ

ማሂ፦ እኮ በግራ ጎኗ ነው የምላችሁ

የማታ ተረኛ፦ ማሂዬ እሱ በዋናነት ሆዷ ውስጥ ልጅ እያለ፣ ከ20 ሳምንት ወዲያ፣ ማህፀኑ ትልቁን ደም ስር እንዳይጫነው ነው። አሁን ወልዳለች። እያንቀጠቀጣት ከሆነ ግን በጎኗ ትዙር፣ ልክ ነሽ

ታናሽዬው፦ ጠየቅኩ። ይዘላል አለች ሲስተር፣ ትንፋሽ 18፣ ሽንት 45። ሐኪሙ ግን ፕሌትሌት ዝቅ ብሏል ድጋሚ ይታያል ብሎ ሄደ፣ እሱ ምንድነው ደግሞ

ብሩክ ነኝ፦ አላልኩም? የደበቁህ ነገር አለ

የማታ ተረኛ፦ ደም የሚያረጋው ነው። ከግፊቱ ጋር ጉበትም ሲነካ ሄልፕ የሚባል ነገር አለ፣ ለዛ ነው የሚደጋግሙት። ስንት ወጣ? ከ100 ሺ በታች ነው? የጉበቱስ?

ሁለቴ አይሲዩ፦ እኔ እዛው ተኝቼ ያንገበገበኝ ጡቴ ነበር፣ ድንጋይ ሆኖ ማንም አላሰበውም። በየ2 በየ3 ሰዓቱ ይታለብላት፣ ሌሊትም፣ አለዚያ ወተቱ ይደርቃል። ማግኒዚየም ማጥባት አይከለክልም፣ ሌሎቹን መድኃኒቶች ግን ጠይቅ። ሕፃኑ ማን ጋ ነው ያለው?

የማታ ተረኛ፦ ታናሽዬው አለህ? ፕሌትሌቱ ስንት አሉህ

ማሂ፦ ምን ሆነች ታዲያ?