ጋቢዮን ከደረደርን አምባዛው የት ይሂድ?

ሰላም ወገን። ሐዋሳ፣ ጥቁር ውሃ አካባቢ ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ጓሯችን ይገባል። ዘንድሮ ሰፈሩ አዋጥቶ የወንዙን ዳር በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) እንሥራው ተባለ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎረቤቴ ግን "ቄጠማውን ከነቀላችሁ አምባዛው የት ይራባል?" ብሎ አፋጠጠን። እውነቱን ነው ወይስ እያካበደ ነው?

የሐይቁ ልጅ፦ ኧረ እውነቱን ነው! አምባዛ ዝናብ ሲጥል ሣር ላይ የተኛ ጥልቀት የሌለው ውሃ ፈልጎ ነው እንቁላሉን የሚጥለው።

ድንጋይ ደርዳሪ፦ ጋቢዮኑ ጠላት አይደለም፣ አቀማመጡ ነው እንጂ። ወንዙን ግራና ቀኝ ካጠበባችሁት ውሃው ይፈጥናል፣ የግድግዳውን እግር ከሥር ይቦረቡራል፣ ጣጣው ደግሞ ለታችኛው ሰፈር ይተርፋል። ቦታ ካለ ወደኋላ አርቃችሁ አቁሙት፤ መሃል ያለው ቄጠማ ይቆይ፣ ክረምት ውሃው እዚያ ይተኛል። ቤት በተጠጋበት ብቻ ጋቢዮን አድርጉና በድንጋዩ መሃል አፈር ሞልታችሁ የአኻያ ቅርንጫፍ ሰካ ሰካ አድርጉበት። ወንዙን የሚያቋርጥ እርከን ካለ ደግሞ ዝቅ ያለ መተላለፊያ ተዉለት። በበጋ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው እርከን እንኳ ለዓሣ ግንብ ነው።

የሐይቁ ልጅ፦ ደለሉንም አትርሱ እንጂ። ከላይ ያለው ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ጋቢዮን ይህን አያቆመውም።

ጠያቂው፦ ገባኝ፣ ተባረኩ። ወደኋላ እናርቀው ካልን ግን የአንድ ሰውዬ የሸንኮራ ማሳ ይነካል። እሱን የሚያሳምንልኝ ማነው?