የቤት ለቤት ድጋፍ ግምገማ፦ የተነሱ ቤተሰቦችን እንዴት እንቁጠር?

ጤና ይስጥልን። አራዳና ቂርቆስ ውስጥ ከ24 እስከ 59 ወር ልጅ ያላቸውን ወላጆች ቤት ለቤት የሚደግፍ ፕሮግራም የመጨረሻ ልኬት ላይ ተቸግረናል።

የምንጠይቀው የታወቁትን 6 ተግባራት ነው፤ ባለፉት 3 ቀናት ለልጁ መጽሐፍ ተነቦለታል? ተረት ተነግሮታል? ተዘፍኖለታል? ውጭ ወጥቷል? አብሮት የተጫወተ አለ? ስም መጥራት፣ መቁጠር ወይም መሳልስ? ከ6ቱ 4ና ከዚያ በላይ ከተደረገለት ልጁ በቂ ድጋፍ እንዳገኘ ይቆጠራል። ኮቦ ላይ (መጠይቅ በስልክ የሚሞላበት መተግበሪያ) የምትሞላው ቤት ለቤት የምትደግፋቸው ጎብኚ ራሷ ስለሆነች እናቶች ላለማሳፈር «አዎ» ይላሉ፤ መጽሐፉ ግን ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ለዚህ ሌላ ጠያቂ እንልካለን።

የከበደን የተነሱት ጉዳይ ነው። ሰፈራቸው ለልማት ፈርሶ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። መዝገቡ በቤት ቁጥር ስለተያዘ፣ ቤቱ ሳይፈርስ ከቀረ የአዲስ ተከራይ ልጅ በቀድሞው ልጅ ቁጥር ይገባል፤ የሁለት ልጆች ውጤት የአንድ ይመስላል። የቀሩትን ብቻ ብንለካ ደግሞ የተረጋጉት ቤቶች ፕሮግራሙን ከልኩ በላይ ያሳምሩታል፤ በጣም የተቸገሩት ከስሌቱ ይወጣሉ። ይሄ እንዲሆን ፈጽሞ አንፈልግም።

የሄዱትንና የቀሩትን በመነሻ ልኬታቸው (ፕሮግራሙ ሲጀመር በተለካው) ልናወዳድር ነው። ከዚያ በኋላስ? የሄዱትን በስልክ ብንጠይቅ መልሳቸው ከቀሩት የፊት ለፊት መልስ ጋር ይደባለቃል ወይስ ለብቻው ይተንተን? ናሙናው ትንሽ ሲሆን የጠፉትን ለማካካስ ክብደት መስጠት (እነሱን የሚመስሉ የተገኙ ቤተሰቦችን መልስ በስሌቱ ከፍ አድርጎ መቁጠር) ያዋጣል? የሠራችሁበት እባካችሁ ጠቁሙን።