ስእለቴንና የታመመች እናቴን እንዴት ላድርግ? እስከ ነገ ጠዋት መወሰን አለብኝ

ወለተ ኪዳን (ጠያቂ)፦
በክርስቶስ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። አምና እናቴ በስትሮክ በወደቀች ጊዜ፣ ነፍሷ ከተረፈችልኝ የፍልሰታን 15 ቀን አንድም ቅዳሴ ሳላስታጉል እንደምጾም ለእመቤታችን ተስዬ ነበር። የዓመት ፈቃድ ወስጄ እስከ ዛሬ ነሐሴ 5 ድረስ ቃሌን ጠብቄአለሁ። ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ግን እናቴን የምትጠብቅልኝ ሠራተኛ ልብሷን ይዛ ሄዳለች፤ እናቴም ከአልጋዋ ልትነሣ ስትሞክር ወድቃ አገኘኋት። አለቃዬ ደግሞ ሰው ስለ ጎደለ ፈቃዴን አቋርጬ ከነገ ወዲያ እንድገባ ደወለልኝ። ይህ ሁሉ እያለ እናቴ የስኳር ክኒኗን ውጣ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ ብላ እህል አልቀምስ ብላኛለች። ቤት ብቀር ስእለቴ ይፈርሳልን?

ዘደብረ ገነት፦
እኅታችን፣ አስቀድሞ የጾሙን ምሥጢር መረዳት ይገባል። እመቤታችን ጥር 21 ቀን ዐርፋ ሥጋዋ በገነት በዕፀ ሕይወት ሥር በኖረበት ጊዜ፣ ሐዋርያት በዓመቱ ከነሐሴ 1 ጀምረው ሁለት ሱባኤ ይዘው፣ በ14ኛው ቀን ሥጋዋን ተቀብለው በጌቴሴማኒ ቀብረዋታል፤ በ16ኛው ቀንም ተነሥታ ዐርጋለች። ሱባኤ ከሰባት ቍጥር የተገኘ ቃል ነውና ሁለት ሰባት ቀን ማለት ነው። ስእለትም ዕዳ ነው፤ መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል ያስተምራል። ስለዚህ ነገሩን ቀላል አድርገሽ አትመልከቺው።

እናት የሦስት፦
ሌላ ሠራተኛ ፈልጊ። እስክታገኚ ድረስ ጎረቤት ይጠብቅልሽ።

ነርስ ነኝ፦
ከሁሉ በፊት ስለ ክኒኑ ልናገር። አንዳንድ የስኳር መድኃኒት ያለ ምግብ ሲዋጥ የደም ስኳርን ከመጠን በታች ያወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ካየሽ፣ ሰውየው ነቅቶ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ወዲያው ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ካልነቃም ምንም በአፉ ሳያደርጉ በፍጥነት ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። እናትሽ አሁኑኑ እህል መቅመስ አለባቸው። ቤተ ክርስቲያናችን በሽተኛን በጾም አታስገድድም፤ የሕግ መጽሐፏ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገርበት አንቀጽ ሕመምተኛን ነፃ ያደርጋል። የንስሐ አባታቸው በስልክ ይህን ቢነግሯቸው ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ፤ በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነው።

ሰላም ለኪ፦
እኔም እንደ «እናት የሦስት» ሠራተኛ መፈለግ ይሻላል እላለሁ። ደላላ ጋር ደውይ።

ተክለ ዮሐንስ፦
እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ቤት መቅረት ስእለት ማፍረስ ነው ያለሽ ማነው? ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7፣ ለወላጃቸው የሚገባውን «ቍርባን (ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ) ነው» እያሉ አባትና እናታቸውን ከመርዳት የሚከለከሉትን ገሥጿል። ስእለቱን የተሳልሽው ስለ እናትሽ ሕይወት ነው፤ ታዲያ ያቺኑ ሕይወት መሬት ላይ ትተሽ ለመፈጸም እንዴት ይቻላል? ደግሞ የምንጾመው የማን ጾም እንደ ሆነ አስቢ። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ ሰጠው፤ እሱም ወደ ቤቱ ወሰዳት፤ በአባቶቻችን ትምህርት በዚያ ቤት 15 ዓመት ኖራለች። ዮሐንስ ከሐዋርያነቱ የጎደለበት ነገር አለን?

ዘደብረ ገነት፦
ወንድሜ፣ ስእለትን በራስ ፈቃድ መፍታት ግን ያስደፍራል። ወሳኙ ካህን ነው።

ተክለ ዮሐንስ፦
በዚህ እስማማለሁ። እኔም ራሷ ትፍታው አላልሁም።

ወለተ ኪዳን (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለንስሐ አባቴ እስካሁን ያልደወልሁት ቃልሽን አፈረስሽ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ቀን ሥራ ላይ ናቸው፤ ደላላውም በጾም ሰው የለም አለኝ። የሥራውስ ነገር?

የሠራተኛ ጉዳይ፦
የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆንሽ የሚገዛሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ፈቃድ ላይ ያለን ሠራተኛ መጥራት የሚቻለው አስቀድሞ ሊታወቅ ያልቻለ ሁኔታ ሥራው ላይ እንዲገኝ ሲያስገድድ ብቻ ነው። ፈቃድሽ ቢቋረጥ እንኳ፣ ለተለየና ከባድ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አቅርቢ፤ የእናትሽን የሕክምና ወረቀትም አያይዢ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ ሕጉ ሌላ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ ንገሪን።

አስካለ ማርያም፦
ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ጊዜ እኔም እንዲህ ተጨንቄ ነበር። የንስሐ አባቴ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለውን ውዳሴ ማርያም አልጋው አጠገብ ሆኜ እንዳደርስ፣ ቅዳሴውን ደግሞ ሰው ሲያግዘኝ ብቻ እንድሄድ አዘዙኝ። በየ2 ሰዓቱ ጎኑን እየቀየርሁ የዕለቱን ድርሻ እየከፈልሁ አነበብሁ፤ ከዚያ በፊት በጥድፊያ የማልፋቸውን ቃላት ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። አሁኑኑ ደውዪላቸው፤ አባት ልጁ ስትጨነቅ አይቆጣም።

ነርስ ነኝ፦
አንድ ያልነገርሽን ነገር አለ። እናትሽ ሲወድቁ ጭንቅላታቸውን መትቷቸዋልን? ከስትሮኩ በኋላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ባይታይባቸውም ቅዳሴውም ሥራውም ይቆይና ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ውሰጃቸው። እህል ቀምሰው እንደ ሆነም ጻፊልን፤ እየጠበቅሁ ነው።